የዳይኖሰሮች ጠብና የዐጥንት ምስክርነት

በሞንጎሊያ አገር በጎቢ ምድረ በዳ፥ ቱግሪኪን ሺሬ በሚባል የነጭ አሸዋ ድንጋይ ገደል፥ የፖላንድና የሞንጎሊያ ሊቃውንት በኅብረት ሆነው የጥንት እንስሳትን ዐፅም ይፈልጉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ከድንጋዩ ውስጥ እርስ በርሳቸው እንደ ተያያዙ ሁለት ዐፅሞች ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) አንደኛው ቬሎሲራፕተር የተባለው፥ በሁለት እግሩ የሚሮጥ፥ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው። ሁለተኛው ፕሮቶሴራቶፕስ የተባለው፥ አፉ እንደ በቀቀን መንቍር የተቈለመመ፥ በግ የሚያህል ቅጠል በል ነው። ቅጠል በሉ የሥጋ በሉን ቀኝ ክንድ በመንቍሩ ነክሶ ይዟል፤ ሥጋ በሉም በእግሩ ላይ ያለውን ማጭድ የመሰለ ጥፍር ወደ ቅጠል በሉ አንገት ዘርግቷል። እንዲህ እንደ ተያያዙ ሳይላቀቁ የአሸዋ ክምር ተንዶ፥ ወይም የአሸዋ ማዕበል ወርዶ፥ ሁለቱንም ቀበራቸው። የምድርን ንብብር የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህ የሆነበትን ዘመን ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ አድርገው ይቈጥሩታል።

ይህ ዐፅም ጠብ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ የጠቡን አኳኋን ግን ሁሉ አይናገርም። ያ ጥፍር ሥጋን ይሰነጥቅ ነበርን? ይወጋ ነበርን? ወይስ አጥብቆ ለመያዝ ብቻ ነበር? ደግሞም እንዲህ ያለ ግኝት በየጊዜው የሚገኝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የመርማሪው እጅ የሚያገኘው አንድ የራስ ቅል፥ አንድ የተሰበረ ቀንድ፥ ወይም ጥርስ ያረፈበት አንድ የዳሌ ዐጥንት ነው።

ልጆች ግን እንዲህ አድርገው አይጠይቁም። በማስተምርበት ክፍል ስለ ጥንት እንስሳት የሚናገረው ትምህርት በደረሰ ቍጥር፥ ገና ጠመኔውን ሳላነሣ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መምህር፥ ቲራኖሳውረስና ስቴጎሳውረስ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» ይላሉ። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው ጁራሲክ ፓርክ የተባለው ፊልም ዳይኖሰሮችን ወደየቤቱ ካስገባቸው ወዲህ ይህ ጥያቄ ከትምህርት ቤት ይልቅ በቤት፥ በአባትና በእናት ላይ ሳይበረታ አይቀርም። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ሁለቱ ከቶ አልተገናኙም። ስቴጎሳውረስ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲኖር፥ ቲራኖሳውረስ ሬክስ የኖረው ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነውና፥ በመካከላቸው ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓመት አለ። በዚያው ፊልም ላይ ቬሎሲራፕተር ሰው አክሎ ታይቷል፤ እውነተኛው ግን ጀርባው ከሰው ጕልበት እምብዛም የማያልፍ፥ ላባ የለበሰ እንስሳ ነበር። ይህን ሰምቶ የማያዝን ልጅ እስካሁን አላገኘሁም።

ሁለተኛው መልስ ግን ረዘም ያለ ነው፤ ማንም ዐይን ያላየውን ጠብ መመርመር እንዴት ይቻላል? ዳኛ የደም ነገር ሲቀርብለት እርሱ ራሱ በስፍራው አልነበረም። ነገር ግን ቍስሉን ያስመረምራል፤ ተያዘ የተባለውን መሣሪያ ከቍስሉ ጋር ያስተያያል፤ የተከሳሹንም ጠባይ ከሚያውቁት ወገኖቹ ይጠይቃል። የዳይኖሰር ሊቃውንትም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ቍስሉ በዐጥንት ላይ ተጽፎ ይገኛል። መሣሪያው ጥርሱ፥ ጥፍሩ፥ ቀንዱና ጅራቱ ነው፤ እርሱንም በብረት ወይም በኮምፒዩተር አስመስለው ሠርተው ይፈትኑታል። ወገኖቹም በሕይወት አሉ፤ እነርሱም አዞና ወፎች ናቸው።

ከቍስልም ሁሉ የከበረው ምስክር የዳነ ቍስል ነው። ወጌሻ ያሰረው የልጅ ክንድ ሲድን በስብራቱ ላይ አዲስ ዐጥንት አብጦ እንደሚጠነክር በየቤቱ የታወቀ ነው። የሞተ ዐጥንት ግን እንዲህ አያደርግም። እንግዲህ በዳይኖሰር ዐጥንት ላይ የዳነ ስብራት ወይም የዳነ የጥርስ ምልክት ቢገኝ፥ ያ እንስሳ ሲነከስ ወይም ሲመታ በሕይወት ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ቍስሉ እስኪጠግ ድረስ ኖሯል ማለት ነው። ያልዳነ ምልክት ግን ከግዳይ በኋላ በበሬሳው ላይ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ መብላትና መዋጋት ይቀላቀላሉ።

ከጥፍሩ እንጀምር። በ1964 ዓ.ም. ጆን ኦስትሮም የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በሞንታና ክፍለ ግዛት ከቬሎሲራፕተር ወገን የሆነውን፥ በአካል ግን የሚበልጠውን ዳይኖሰር አገኙ፤ በ1969 ዓ.ም. ደይኖኒከስ፥ ማለት «አስፈሪ ጥፍር» ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ያ ጥፍር የእንስሳ ሆድ ዘርጣጭ ቢላዋ እንደ ነበረ በየመጻሕፍቱ ተጻፈ። የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ እንደሚፈቱት፥ ይህም ጥፍር አንድም ለመሰንጠቅ፥ አንድም ለመውጋት፥ አንድም ለመጨበጥ፥ አንድም በታዳኝ ጀርባ ላይ ለመንጠላጠል ነው ሊባል ይችላል። ሳይንስ ግን «አንድም» ብሎ ከዘረዘረ በኋላ ሊፈትነው ይገባል።

የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ማኒንግና ባልደረቦቻቸው ይህን ፈተና አደረጉ። በዳይኖሰሩ እግር ልክ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እግር አበጁ፤ በጫፉም የጥፍሩን ምስል ተከሉበት፤ ከዚያ በኋላ በሞተ ዐሣማና በሞተ አዞ ሥጋ ላይ አስመቱት። ሁሉም የጠበቀው ረጅም ስንጥቅ ነበር። የታየው ግን ትንሽ፥ ድቡልቡል ቀዳዳ ብቻ ሆነ። ጥፍሩ ወደ ታች ሲጎተት ቈዳውና ሥጋው ከሥሩ ተጨማዶ እየተከማቸ አገደው እንጂ አልተሰነጠቀም። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ቢላዋ በሆዱ በኩል ስለት አለው፤ ይህ ጥፍር ግን በሆዱ በኩል የደነዘ ነው። ውጤቱ በ2006 ዓ.ም. ታተመ፤ መርማሪዎቹም ጥፍሩ ታዳኙን ለመንጠልና በላዩ ላይ ለመውጣት ሳያገለግል አልቀረም አሉ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት የዛሬዎቹን አዳኝ ወፎች እግር መርምረው፥ ይህ ጥፍር እንደ ንስርና እንደ ጭልፊት ጥፍር ነው፤ ታናሹን ታዳኝ መሬት ላይ ተጭኖ ለመያዝ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጭልፊት ጫጩት ሲነጥቅ ያየ ሰው ነገሩን አይስተውም፤ ጭልፊት አይሰነጥቅም፤ ተጭኖ ይይዛል፥ ክንፉን እያራገበ ሚዛኑን ይጠብቃል፥ በመንቍሩም ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ከሰው ሠራሹ እግር የተገኘው ዋና ትምህርት ጥፍሩ ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ምን እንደማያደርግ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲደጋገም የኖረው ነገር በአንድ ዐሣማ ሥጋ ላይ ወደቀ።

የንክሻው ነገር ከዚህ የበለጠ ብዙ ሥራ ተሠርቶበታል። በሞንታና የተገኘ አንድ የትራይሴራቶፕስ የዳሌ ዐጥንት ከ50 በላይ የጥርስ ምልክት አለበት፤ ነካሹም ቲራኖሳውረስ ሬክስ መሆኑ ቀዳዳው ውስጥ በተወሰደው የጥርስ ቅርጽ ታወቀ። ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው የዚያን ጥርስ ምስል ከነሐስና ከአሉሚኒየም አስቀርጸው በመጭመቂያ መኪና ላይ አሰሩት፤ የላም ዳሌ ዐጥንትም ከሥሩ አኖሩ። የላም ዐጥንት የተመረጠው ውስጣዊ አሠራሩ የትራይሴራቶፕስን ስለሚመስል ነው። ጥርሱ በጥንቱ ዐጥንት ላይ እንደሚታየው፥ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ቀዳዳ እስኪያበጅ ድረስ ተጫኑት፤ የፈጀውንም ኀይል ለኩ። በ1996 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ ያ ንክሻ ከ6,410 እስከ 13,400 ኒውተን ነበር። ኒውተን የተባለው መለኪያ ለቤት ሰው እንግዳ ስለሆነ በሚዛን ብንመልሰው፥ ከፍተኛው ቍጥር በአንድ ጥርስ ላይ 13 ኩንታል ከግማሽ ጤፍ እንደ መጫን ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ግምቶች እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። በ2012 ዓ.ም. ካርል ቤትስና ፒተር ፎኪንግሃም የመንጋጋውን ጡንቻ በኮምፒዩተር አስመስለው ከ35,000 እስከ 57,000 ኒውተን ደረሱ፤ ይህም ከ35 እስከ 58 ኩንታል ገደማ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፖል ጊኛክና ራሳቸው ኤሪክሰን የአዞንና የወፍን ጡንቻ መነሻ አድርገው ሲያሰሉ ከ8,526 እስከ 34,522 ኒውተን አገኙ። ይህን አይቶ ሊቃውንት አይስማሙምና ሁሉም ግምት ነው ብሎ መተው ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ፈተና የለካው በአንድ ቀን፥ በአንድ ዐጥንት ላይ ያረፈውን አንድ ንክሻ ነው፤ በሬውን በዚያ ቀን በጎተተው ዕርፍ ብቻ ጕልበቱን ሁሉ ለካሁት የሚል ገበሬ የለም። ስለዚህ የ1996ቱ ቍጥር እንስሳው ቢያንስ ይህን ያህል ይችል ነበር የሚል ነው። የኋለኞቹ ግን እንስሳው ባለ በሌለ ኀይሉ ቢነክስ ብለው ያሰሉት ነው፤ ለዚያም ማንም ያላየውን የጡንቻ ውፍረት መገመት አስፈልጓቸዋል። የቍጥሩ መራራቅ የመጣው ከዚህ ነው።

ግምቱን በጥቂቱም ቢሆን የሚያርመው የአዞ ምስክርነት ነው። ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው በፍሎሪዳ በሚገኝ የአዞ ማርቢያ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የኀይል መለኪያ አስረው፥ በዓለም ላይ የታወቁትን 23 የአዞ ዐይነቶች አንድ በአንድ አስነከሱ፤ ከእነርሱም አንዱ በጫሞ ሐይቅ የሚኖረው የዓባይ አዞ ወገን ነው። በ2012 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፍ ከሁሉ የበለጠው በእስያና በአውስትራልያ የሚኖረው የባሕር አዞ ነበር፤ 16,414 ኒውተን፥ ማለት ከ16 ኩንታል ከግማሽ በላይ ነከሰ። ይህ ሥራ በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ መለኪያውን ይዞ በአዞው አፍ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ግን ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።

ጠንካራ ንክሻ ሳይኖር አስፈሪ መሆን እንደሚቻልም ታይቷል። አሎሳውረስ በስቴጎሳውረስ ዘመን የኖረ ታላቅ ሥጋ በል ነው። በእንግሊዝ አገር ኤሚሊ ሬይፊልድና ባልደረቦቻቸው የዚህን እንስሳ የራስ ቅል በሐኪም ቤት ራጅ ካስነሡ በኋላ፥ መሐንዲሶች ድልድይና የአውሮፕላን ክንፍ የሚፈትኑበትን የሒሳብ ዘዴ ተጠቀሙ። ዘዴው አንድን ነገር በኮምፒዩተር ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍል አድርጎ ከፋፍሎ፥ በያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚያርፈውን ጫና ማስላት ነው። በ2001 ዓ.ም. የታተመው መልስ እንግዳ ነበር። የአሎሳውረስ መንጋጋ ጡንቻ የሚሰጠው ንክሻ ከ2,200 ኒውተን አይበልጥም፤ ይህም ከባሕር አዞው ንክሻ እጅግ ያነሰ ነው። የራስ ቅሉ ግን ከዚህ ከሃያ እጥፍ በላይ የሆነ ኀይል ሳይሰበር ይሸከማል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንካሬ ለምን አስፈለገ? ሬይፊልድና ባልደረቦቻቸው እንስሳው አፉን ከፍቶ በላይኛው መንጋጋው እንደ መጥረቢያ ይመታ ይሆናል አሉ። ሌሎች ሊቃውንት የመጥረቢያውን ምሳሌ ተቃወሙ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። አንድ ነገር ብዙ መሸከም ይችላል ማለት ያን ያህል ተጭኖበት ነበር ማለት አይደለምና።

እዚህ ላይ የዳነው ቍስል ይመጣል። ከ50 በላይ ምልክት ያለበት ያ የዳሌ ዐጥንት ቲራኖሳውረስ እንደ በላ እንጂ እንደ ተዋጋ አያስረዳም፤ ዐጥንቱ አልዳነምና። ስለዚህ አንዳንዶች ቲራኖሳውረስ እንደ ጅብ በድን ፈላጊ ነበር ይሉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን በደቡብ ዳኮታ የተገኘ፥ አፉ እንደ ዳክዬ የተዘረጋ የቅጠል በል ዳይኖሰር ጅራት ዐጥንት ተገለጠ፤ በውስጡ የቲራኖሳውረስ ጥርስ ተሰብሮ ቀርቶ፥ በጥርሱ ዙሪያ አዲስ ዐጥንት አብቅሎበታል። ያ እንስሳ ከኋላው ተነክሶ አመለጠ፤ ጥርሱንም በሥጋው ተሸክሞ ኖረ። እንደዚሁም በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ስለ አንድ ትራይሴራቶፕስ ይናገራል፤ ከዐይኑ በላይ ያለው ቀንድ በቲራኖሳውረስ ጥርስ ተነክሶ ጫፉ ተሰብሯል፥ ስብራቱ ግን ድኗል። ቀንድ የሚነከሰው ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው። በዚያ ቀን ማን እንዳሸነፈ ልጆች ቢጠይቁ፥ ቢያንስ ቅጠል በሉ እንዳልሞተ በድፍረት መመለስ ይቻላል።

የስቴጎሳውረስ ነገር ፈጥኖ ያልቃል። በጅራቱ ጫፍ የተተከሉት ጦር የመሰሉ ሹል ዐጥንቶች ለጌጥ ናቸው ወይስ ለመውጋት የሚለው ክርክር በሁለት ነገር ተዘጋ፤ አንደኛ፥ ከተመረመሩት 51 ሹል ዐጥንቶች ከመቶ አሥር ገደማ የሚሆኑት ጫፋቸው ተሰብሮ የዳነ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛ፥ በ2005 ዓ.ም. እነ ኬኔት ካርፔንተር በአንድ የአሎሳውረስ ጅራት ዐጥንት ላይ ያለው ቀዳዳ ከስቴጎሳውረስ ሹል ዐጥንት ጋር እንደ ቍልፍና እንደ መክፈቻው የሚገጥም መሆኑን አሳዩ።

የረጃጅሞቹ ዳይኖሰሮች ጅራት ግን ብዙ አነጋግሯል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ አጩኾ የማያውቅ የአገራችን ወንድ ልጅ ጥቂት ነው። ያ የሚጮኸው ድምፅ ጅራፉ መሬት ስለ መታ አይደለም፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ አየሩን ስለሚሰነጥቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ሥራ የታወቁት ናታን ሚርቮልድና ካናዳዊው የዳይኖሰር ሊቅ ፊሊፕ ከሪ፥ አፓቶሳውረስ የተባለው ግዙፍ ዳይኖሰር ጅራቱን እንደ ጅራፍ ቢያወናጭፍ ጫፉ ከድምፅ ይፈጥን ነበር ብለው አሰሉ። ሐሳቡ ውብ ነበርና በዓለም ሁሉ ተወራ። በ2022 ዓ.ም. ግን ሲሞኔ ኮንቲና ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንደ ገና አነሡት፤ ርዝመቱ 12 ሜትር፥ ክብደቱ ከ1,400 ኪሎ በላይ የሆነ ጅራት በኮምፒዩተር አበጅተው፥ ቈዳው፥ ጅማቱና መገጣጠሚያው የሚችለውን ጫና ጨምረው አሰሉበት። የተገኘው ፍጥነት በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ነበር፤ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አብልጦ ቢወናጨፍ ጅራቱ ራሱ ይበጣጠሳል። ጅራፍ የገመደ ልጅ ሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ጫፉ መሆኑን ያውቃል፤ ልጅ ግን ሌላ ጫፍ ይቀጥልበታል፤ እንስሳው ይህን ማድረግ አይችልም። በሰከንድ 30 ሜትር የሚወርድ ጅራትም ቢሆን እንደ በትር ያሳምማል። የጠፋው ጩኸቱ ብቻ ነው።

እስካሁን የተነገረው አዳኝና ታዳኝ ስለሚጣሉበት ነው። የዐጥንቱ መዝገብ ሲገለጥ ግን ከዚህ የሚበዛ ሌላ ጠብ ይታያል፤ እርሱም የአንድ ወገን እንስሳት እርስ በርሳቸው የሚጋጩበት ነው። ልጆቹ ስለዚህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ፓኪሴፋሎሳውረስና ዘመዶቹ ግንባራቸው እንደ ጕልላት ያበጠ፥ የራስ ቅላቸው ውፍረት ከአንድ ስንዝር የሚደርስ ዳይኖሰሮች ነበሩ። ይህ ጕልላት እንደ በግ ለመዋጊያ ነው የሚለውን ሐሳብ በ2004 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት የዐጥንቱን ውስጥ በአጕሊ መነጽር መርምረው ተቃወሙት። በ2011 ዓ.ም. ኤሪክ ስናይቭሊና ጄሲካ ቴዎዶር ደግሞ የአንዱን ጕልላት ከዛሬ እንስሳት ራስ ጋር በራጅ አስተያዩት፤ በራሳቸው ከሚዋጉት መካከል የአሜሪካ የተራራ በግና የአገራችን ሚዳቋ ዘመድ የሆነች የመካከለኛው አፍሪካ የጫካ ሚዳቋ ነበሩ። ጕልላቱ ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ወደዚህች ትንሽ ሚዳቋ ነው፤ ከውጭ ጠንካራ፥ ከውስጥ ደግሞ ግጭቱን የሚያበርድ ስፖንጅ መሳይ ዐጥንት ነበረው። የመጨረሻው ምስክር በ2013 ዓ.ም. መጣ። ጆሴፍ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው 109 ጕልላቶችን ቈጥረው ከመቶ 22 በሚሆኑት ላይ ከቍስል የመጣ ምልክት አገኙ፤ ቍስሉም የበዛው በጕልላቱ አናት ላይ ነበር። ራሳቸው ጠፍጣፋ በሆኑት ዘመዶቻቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ቍስል አልተገኘም። የውስጡ አሠራርና የውጭው ቍስል አንድ ቃል ከተናገሩ ክርክሩ ወደ መቋጫው ቀርቧል ማለት ይቻላል።

በትራይሴራቶፕስም ነገሩ ይመሳሰላል። አንድሩ ፋርኪ በ2004 ዓ.ም. የዚህን ባለ ሦስት ቀንድ እንስሳ የራስ ቅል አነስተኛ ምስል አሠርተው፥ ሁለት ወይፈኖች እንደሚያደርጉት ቀንድ ለቀንድ አቈላለፏቸው፤ በምን በምን አኳኋን ሊያያዙ እንደሚችሉና የቀንዱ ጫፍ ተቀናቃኙን የት ላይ እንደሚያገኘው አዩ። ከዚያም በ2009 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆነው በየቤተ መዘክሩ ያሉትን እውነተኛ የራስ ቅሎች መረመሩ። አንገት በሚጋርደው የዐጥንት ጋሻ ጐን፥ ምስሉ ባመለከተበት ክፍል፥ ትራይሴራቶፕስ ሴንትሮሳውረስ ከተባለው ዘመዱ እጅግ የበዛ ቍስል ነበረው። የሴንትሮሳውረስ ትልቅ ቀንድ አንድ ብቻ፥ እርሱም በአፍንጫው ላይ ስለ ነበረ፥ እንዲህ አድርጎ ለመቈላለፍ አይመችም። አስቀድሞ መገመት፥ በኋላም ዐጥንቱን መጠየቅ፥ ይህ የምርመራ ሁሉ መልካም ሥርዐት ነው።

ጅራታቸው የመዶሻ ራስ ስላላቸው ዳይኖሰሮች ደግሞ ቪክቶሪያ አርበር የተባሉት የካናዳ ሊቅ በ2009 ዓ.ም. ትልቁ መዶሻ ዐጥንት ሊሰብር እንደሚችል፥ ትንሹ ግን እንደማይችል በስሌት አሳዩ። በ2017 ዓ.ም. እርሳቸውና ዴቪድ ኤቫንስ በሞንታና የተገኘውን፥ በቶሮንቶ ቤተ መዘክር ያለውን አንድ ዳይኖሰር ዙል ክሩሪቫስታቶር ብለው ሰየሙት፤ የኋለኛው ስም «ቅልጥም ሰባሪ» ማለት ነው፤ የቲራኖሳውረስን ወገኖች ቅልጥም በጅራቱ ይሰብራል በማለት። በዚያን ጊዜ ከድንጋዩ የተለቀቁት ራሱና ጅራቱ ነበሩ። ቀሪው አካል ተጠርቦ ሲወጣ በዳሌው አጠገብ በግራና በቀኝ ጐኑ ያሉት ሹል የዐጥንት ጋሻዎች ተሰብረው የዳኑ ሆነው ታዩ። የሥጋ በል ጥርስ ምልክት የለባቸውም፤ የተሰበሩትም ሌላ ዙል ጐን ለጐን ቆሞ ጅራቱን ቢያወናጭፍ በሚደርስበት ቦታ ነው። ይህ በ2022 ዓ.ም. ታተመ። ስም አንዴ ከወጣ አይሻርምና፥ ቅልጥም ሰባሪው የወገኑን ጐን ሲመታ የኖረ ሆኖ ሳለ በቀድሞ ስሙ ይጠራል።

ቲራኖሳውረስም ከዚህ አልወጣም። ኬሌብ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በ2021 ዓ.ም. ከቲራኖሳውረስ ወገን የሆኑ የ202 ራስ ቅሎችና መንጋጋዎች ዐጥንት መርምረው 324 ጠባሳ ቈጠሩ። ጠባሳው የጥርስ ነው፤ ያረፈውም በፊት ላይ፥ ይልቁንም በመንጋጋ ላይ ነው። ነካሾቹም የራሳቸው ወገን ናቸው። በትንንሾቹ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ እንስሳው የጐልማሳ አካል እኩሌታ ያህል ሲደርስ ይጀምራል። ካደጉትም መካከል ጠባሳ ያለባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ጠቡ ለምግብ ሳይሆን ለትዳር ወይም ለቦታ ይመስላል፤ ቍስሉም የዳነ በመሆኑ ተጣልተው ይለያዩ ነበር እንጂ አንዱ ሌላውን እየገደለ አልነበረም።

ግማሹ ብቻ ለምን? የሚጣሉት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ነው የሚል አለ፤ ሴቶችም ይጣላሉ፥ ግን ሁሉም አይቈስልም የሚልም አለ። ይህን ለመለየት የዐፅሙን ጾታ ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮ እንቍላል ልትጥል ስትቃረብ ለቅርፊቱ የሚሆነው ካልሲየም በእግሯ ዐጥንት ውስጥ ልዩ ሽፋን ሆኖ ይከማቻል። በ2005 ዓ.ም. ሜሪ ሽዋይትዘርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የቲራኖሳውረስ ጭን ዐጥንት ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ሽፋን ማግኘታቸውን አስታወቁ። እንግዲህ በጭኑ ውስጥ ይህ ሽፋን፥ በመንጋጋውም ላይ የዳነ የጥርስ ጠባሳ ያለው አንድ ዐፅም ቢገኝ፥ ሴቶቹም ይጣሉ እንደ ነበር ይታወቃል።